መቂ ያለውን ፓምፕ ከአዲስ አበባ ማዘዝ፦ በሲም ካርድ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ እንዴት እንደሠራሁ

አጎቴ ከመቂ ከተማ ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ውሃውን የሚያገኘው ከጉድጓድ ነው። 5.5 ኪሎ ዋት ባለ ሦስት ፌዝ ጠላቂ ፓምፕ ውሃውን እየሳበ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) የተነጠፈበትን ኩሬ ይሞላል፤ ማሳው ጠዋት ጠዋት ከኩሬው ይጠጣል። እዚያ አካባቢ ቀን ላይ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ይዋዥቃል፤ ሞተር የሚያስነሳ ደህና ኃይል የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በየሌሊቱ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ በጨለማ ማሳ አቋርጦ አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን፣ ኩሬው ሲሞላም ተመልሶ ቀዩን መጫን ነበረበት። እኔ የምኖረው ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው። ሙያዬ ኤሌክትሮኒክስ በመሆኑ መላ እንድፈልግ የተጠየቅሁትም እኔ ነኝ።

ከዚያ በፊት አጎቴ በአጭር መልእክት የሚሠራ ዝግጁ መሣሪያ ገዝቶ አስገጥሞ ነበር። መልእክት ሲላክለት ወዲያው «በርቷል» ብሎ ይመልሳል። አንድ ቀን አጎቴ ደውሎ «ልጄ፣ ስልኩ በርቷል ይለኛል፤ ኩሬው ግን ደረቅ ነው» አለኝ። የሞተሩ ኦቨርሎድ (ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ) ወድቆ ኖሯል። መሣሪያው የሚያውቀው የራሱ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) መዘጋቱን፣ ማለትም መስመሩን ማገናኘቱን ብቻ ነው፤ ሞተሩ ይዙር አይዙር የሚያይበት ዓይን የለውም። እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ለሚፈልግ ሁሉ ከሽቦ ሥዕልና ከፕሮግራም በፊት የምነግረው ይህን ነው፦ ትእዛዝ መላክ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ድካሙ ያለው ትእዛዙ በእርግጥ መፈጸሙን በማወቅ፣ ግንኙነት ሲቋረጥም ነገሩ ሁሉ ወደ «ጠፍቷል» እንዲያዘነብል በማድረግ ላይ ነው።

የመረጥኩት ማይክሮ ኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር) ኢኤስፒ32 ነው። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድም ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን ያለው 2 ኪሎ ባይት ራም ብቻ ስለሆነ ምስጠራ ሲጨመርበት ይጠብበታል። ለኔትወርኩ የተጠቀምኩት ሲም800ኤል የተባለውን ትንሽ ሞጁል ነው። ሞጁሉ በ2ጂ ብቻ ይሠራል፤ ለማብሪያ ማጥፊያ ግን ከበቂ በላይ ነው፤ የምንልከው በጣት የሚቆጠሩ ፊደላትን ነው።

ሞጁሉ ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው በኃይል አቅርቦቱ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ሲም800ኤል የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው፤ የሚስማማው 4 ቮልት አካባቢ ነው። 5 ቮልት ይበዛበታል፣ 3.3 ቮልት ያንሰዋል። ወደ ማማው ሲያስተላልፍ ደግሞ እስከ 2 አምፔር ይስባል። ይህ የሚሆነው በየ4.6 ሚሊ ሰከንዱ ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ በመሆኑ መልቲሜትር አያሳየውም፤ መለኪያው ቀጥ ያለ 4 ቮልት እያሳየ ሞጁሉ ግን ኔትወርክ በፈለገ ቁጥር እየጠፋ ይነሳል። ከቦርዱ የ5 ቮልት ወይም የ3.3 ቮልት እግር ኃይል ሰጥቶ እንዲሠራ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። እኔ ኤልኤም2596 የሚባለውን እስከ 3 አምፔር የሚችል የቮልቴጅ መቀነሻ ወስጄ ውጤቱን 4 ቮልት ላይ አስተካከልኩ። ከሞጁሉ እግር ሥር የ1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተርና ከጎኑ የ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በየድኩ። ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን። ለመለማመጃ ሰሌዳ የሚሸጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ይህን ከረንት በወጉ አያሳልፉም።

የሞጁሉ ትንሽ መብራት ጥሩ መካሪ ናት። በሰከንድ አንዴ ያህል ብልጭ ካለች ሞጁሉ ገና ኔትወርክ እየፈለገ ነው። በሦስት ሰከንድ አንዴ ስትሆን ተመዝግቧል፤ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ስትል ደግሞ የዳታ መስመር ተከፍቷል። በሰከንድ አንዴ ብልጭ በሚለው ላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ወይም ቆም ብሎ እንደገና ከጀመረ፣ ሲም ካርዱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ኃይሉን ተመልከቱ።

ሌላው ጥንቃቄ የሲግናሉ ቮልቴጅ ነው። የሞጁሉ የመገናኛ እግሮች በ2.8 ቮልት አካባቢ ይሠራሉ፤ ኢኤስፒ32 የሚያወጣው 3.3 ነው። ወደ ሞጁሉ በሚገባው መስመር ላይ 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 5.6 ኪሎ ኦም ደግሞ ወደ ግራውንድ ሳገባ ልክ 2.8 ቮልት ሆነ። ሲም ካርዱን ከማስገባታችሁ በፊት በስልክ ላይ አድርጋችሁ የፒን ጥያቄውን አጥፉት። የኤፒኤኑን (ሲም ካርዱ ወደ ዳታ መስመሩ የሚገባበትን) ስምም ያኔውኑ ከስልኩ ቅንብር ገልብጡ።

ብዙ ጀማሪ ኢኤስፒ32 ራሱ ድረ ገጽ እንዲያስተናግድ አድርጎ ከሩቅ ሊከፍተው ይሞክራል። ቤት ውስጥ በዋይፋይ ይሆናል፤ በሞባይል ኔትወርክ ግን አይሆንም። የሞባይል ድርጅቶች ለሲም ካርዱ የሚሰጡት አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ አድራሻ ነው፤ ከውጭ ማንም ሊያንኳኳው አይችልም። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ መስመሩን ክፍት አድርጎ መጠበቅ አለበት። እኔ ትንሽ ሰርቨር ተከራይቼ ሞስኪቶ የሚባለውን ነፃ የመልእክት አቀባይ ጫንኩበት፤ መሣሪያውና የስልካችን ገጽ የሚገናኙት እዚያ ነው። የሚግባቡበት ሥርዓት ኤምኪውቲቲ ይባላል። በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለቀጭንና ለሚቆራረጥ መስመር ከተፈጥሮው ይስማማል።

ጥቅሙን በስሌት ላሳይ። መሣሪያው በየ10 ሰከንዱ አዲስ ግንኙነት እየከፈተ «ትእዛዝ አለ ወይ?» ብሎ ሰርቨሩን ቢጠይቅና እያንዳንዱ ጥያቄ ከነመልሱ 1 ኪሎ ባይት ያህል ቢፈጅ፣ በቀን 8640 ጊዜ ይጠይቃል። በወር ወደ 260 ሜጋ ባይት ይደርሳል ማለት ነው፤ ያም ሆኖ ትእዛዙ እስከ 10 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። በኤምኪውቲቲ ግን መስመሩ ክፍት ሆኖ ይቆይና መሣሪያው በየ60 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። አንዱ «አለሁ» ከነመልሱ 250 ባይት ቢሆን በወር 11 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ትእዛዙም እንደተላከ ይደርሳል። የአንድ ወር አነስተኛ ጥቅል ይበቃዋል።

ኤምኪውቲቲ ሌላም ወርቅ የሆነ ነገር አለው፤ ኑዛዜ ልትሉት ትችላላችሁ። መሣሪያው ሲገናኝ «ድምፄ ከጠፋ ይህን መልእክት አስተላልፍልኝ» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። በ60 ሰከንድ ቀጠሮ ላይ 90 ሰከንድ ምንም ካልተሰማ ሰርቨሩ ኑዛዜውን ያነብባል፤ ስልካችን ላይም «መሣሪያው አይገኝም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ዝም ማለትን እንደ ደኅንነት የማይቆጥር ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ከሁሉ በፊት፦ እዚህ ያለው ባለ 380 ቮልት መስመር ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ፣ ኃይል አለመኖሩን በመለኪያ አረጋግጣችሁ፣ ልምድ ካለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ብቻ ሥሩ። በየሱቁ የሚሸጡት ሰማያዊ የሪሌይ ቦርዶች «10 አምፔር» ቢሉም ሞተር በቀጥታ አታስነሱባቸው። የእኛ ሞተር ሲዞር 11 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ሲነሳ ግን ለአፍታ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል፤ የትንሿ ሪሌይ ምላሶች ተበይደው ይቀራሉ። ፓምፑ ሳይጠፋ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ማለት ነው። ሪሌይዋ የኮንታክተሩን (ትልቅ ከረንት የሚችለውን ትልቅ ሪሌይ) መጠምጠሚያ ብቻ ታዝዝ፤ ሞተሩን የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው።

አጎቴ ጋ የነበረው የማስነሻ ሳጥን በየገጠሩ የምታዩት ዓይነት ነው፦ ኮንታክተር፣ ኦቨርሎድ፣ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ። አረንጓዴው ሲጫን ኮንታክተሩ ይስባል፤ ከዚያ በራሱ ረዳት ምላስ ራሱን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ይለቅቃል፤ መብራት ሲመጣ ግን በራሱ አይነሳም። ይህ ጠባይ እጅግ ውድ ስለሆነ ልነካው አልፈለግሁም። መብራት በተመለሰ ቅጽበት ቮልቴጁ ሲዋዥቅ የሚነሳ ሞተር ዕድሜው አጭር ነው።

የጨመርኩት ሁለት ሪሌይ ነው። የመጀመሪያዋ ከአረንጓዴው ቁልፍ ጋር ጎን ለጎን ተገናኝታ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ትዘጋለች፤ ጣት ቁልፉን እንደ መጫን ነው። ሁለተኛዋን «የፈቃድ ሪሌይ» እላታለሁ። ከቀዩ ቁልፍ ጋር በተከታታይ ገብታለች፤ ተዘግታ የምትቆየው ኢኤስፒ32 ጤነኛ ሆኖ ፓምፑ እንዲሠራ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ቢደነዝዝ የውስጡ ጠባቂ ሰዓት ቦርዱን እንደገና ያስነሳዋል፤ ቦርዱ ሲነሳ የፈቃድ ሪሌይዋ ትከፈታለች፣ ኮንታክተሩ ይለቅቃል፣ ፓምፑ ይቆማል። ወደ ሪሌይዋ ትራንዚስተር በሚገባው መስመር ላይ ወደ ግራውንድ የሚጎትት 10 ኪሎ ኦም አድርጉ፤ ቦርዱ እስኪነቃ ድረስ መስመሩ እንዳይንሳፈፍ ይጠብቃል። ኢኤስፒ32 ሲነሳ አንዳንድ እግሮቹ ለአፍታ ከፍ ይላሉ፤ 25፣ 26 እና 27 ቁጥሮች ግን ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ሪሌይዎቹን ከእነዚህ ጋር አገናኙ።

በሳጥኑ በር ላይ ደግሞ ባለ ሦስት ቦታ መምረጫ አስገባሁ፦ «በእጅ»፣ «ዜሮ»፣ «ከሩቅ»። «በእጅ» ሲሆን የእኔ ኤሌክትሮኒክስ ሙሉ በሙሉ ይታለፋል፤ ሳጥኑ እንደ ድሮው በአረንጓዴና በቀይ ቁልፍ ብቻ ይሠራል። ይህን መምረጫ እንዳትዘሉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የእኛ ቦርድ ቢበላሽ የገበሬው ሽንኩርት ውሃ መጠማት የለበትም። ደግሞም ጉድጓድ ላይ የሚሠራ ሰው መምረጫውን «ዜሮ» ላይ አድርጎ የመምረጫውን መክፈቻ ነቅሎ ኪሱ ሲያስገባ ከአዲስ አበባ ማንም ፓምፑን ሊያስነሳበት እንደማይችል እርግጠኛ መሆን አለበት።

ኮንታክተሩ ሲለቅቅ የሚፈጥረው የቮልቴጅ ምት ቦርዱን ሊያናውጠው ይችላል። 100 ኦምና 0.1 ማይክሮ ፋራድ በተከታታይ ሆነው በመጠምጠሚያው ሁለት ጫፎች ላይ ሲገቡ ነገሩ ይረግባል። ካፓሲተሩ ለኃይል መስመር የተፈቀደ፣ ኤክስ2 የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን።

እውነቱን የሚነግረን ክፍል የከረንት መለኪያው ነው። ኤስሲቲ013 የሚባለውን ሽቦ ሳይቆረጥ የሚታቀፍ መለኪያ በሦስቱም ፌዞች ላይ አደረግሁ። የተጠቀምኩት 30 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት የሚሰጠውን ነው። የሚያወጣው ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ስለሆነ በሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች መሃል ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኢኤስፒ32 መለኪያ ወደ ጫፎቹ ሲጠጋ ቀጥተኛ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከክላምፕ ሜትር ጋር እያስተያያችሁ አስተካክሉ።

ከሦስቱ ቁጥሮች ብዙ ይነበባል። ሦስቱም 11 አካባቢ ከሆኑ ፓምፑ ውሃ እየሳበ ነው። ትእዛዝ ተሰጥቶ ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ኦቨርሎዱ ወድቋል ወይም ኃይል የለም። አንዱ ዜሮ ሆኖ ሁለቱ ከጨመሩ አንድ ፌዝ ጠፍቷል፤ ሞተር የሚቃጠለው በዚህ ስለሆነ ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠይቅ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያጠፋል። ሦስቱም እኩል ዝቅ ካሉ ጉድጓዱ ነጥፎ ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሯል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ወሰኑን 7 አምፔር ላይ አደረግነው፤ የእናንተን ከሞተራችሁ ልኬት አውጡት። እንዲህ ባለ ምክንያት ከቆመ ጉድጓዱ እስኪያገግም 30 ደቂቃ ትእዛዝ አይቀበልም። በሌላ ምክንያት ሲቆምም ቢያንስ 10 ደቂቃ ያርፋል፤ ጠላቂ ሞተር ቶሎ ቶሎ ሲነሳ ይጎዳል።

የስልኩ ገጽ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ቁልፉ ሲነካ ገጹ «ትእዛዝ ተልኳል» ይላል። መሣሪያው ሲቀበለው «ደርሷል» ይሆናል። «ውሃ እየሳበ ነው» የሚለው የሚወጣው የሦስቱ ፌዝ ከረንት ሲታይ ብቻ ነው። ከሥሩ የመጨረሻው መረጃ የመጣበት ሰዓት ተጽፏል። ሌላ ማስጌጫ የለውም፤ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታል።

ስለ ትእዛዙ ይዘትም ልጨምር። «አስነሳ» ብቻ የሚል ትእዛዝ የለንም፤ «ለ120 ደቂቃ አስነሳ» ነው። ደቂቃውን የሚቆጥረው መሣሪያው ራሱ ስለሆነ ኔትወርኩ መሃል ላይ ቢጠፋም ፓምፑ በሰዓቱ ይቆማል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ተራ ቁጥርና የተላከበት ሰዓት አለው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የቆየ ወይም ቁጥሩ የተደገመ ይጣላል። ኔትወርክ ሲመለስ የትናንት ትእዛዝ ዛሬ ሌሊት ፓምፕ እንዳያስነሳ የሚከለክለው ይህ ነው። በዚሁ ምክንያት ኤምኪውቲቲ ላይ የመጨረሻውን መልእክት አስቀምጦ ለአዲስ መጪ የሚሰጠውን አማራጭ ለትእዛዝ አትጠቀሙበት፤ ለሁኔታ መግለጫ ብቻ ይሁን።

ሰርቨሩ የሚያዳምጠው በ8883 በር (ፖርት) በምስጠራ ነው፤ ምስጠራ የሌለው 1883 ተዘግቷል። የሞጁሉ የራሱ የምስጠራ ችሎታ ያረጀ ስለሆነ ሥራውን ለኢኤስፒ32 ሰጠሁት። የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት ለማረጋገጥ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሲነሳ መጀመሪያ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይወስዳል። የይለፍ ቃል የሌለው ክፍት አቀባይ ተጠቅሞ የሰው ሞተር ማንጠልጠል ትልቅ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው፤ በይነመረብ ላይ ክፍት አቀባዮችን እየፈለጉ የሚያዳምጡ ሰዎች ሞልተዋል።

አጎቴ ስማርት ስልክ ይዞ አይዞርም፤ እሱ የሚወደው ሚስድ ኮሉን ነው። ወደ ሲም ካርዱ ሲደውል ሞጁሉ ቁጥሩን ያነብባል፤ ከተፈቀዱት አንዱ ከሆነ ጥሪውን ዘግቶ «ውሃ እየሳበ ነው፣ 11 አምፔር፣ 45 ደቂቃ ይቀራል» የሚል አጭር መልእክት ይልካል። መደወሉ ምንም አያስከፍልም። የደዋይ ቁጥር ሊጭበረበር ስለሚችል በጥሪ ሁኔታን መጠየቅ ብቻ እንጂ ማስነሳት አይቻልም።

ሞጁሉን ከነትንሿ የጥቅልል አንቴናው ብረት ሳጥን ውስጥ ከዘጋችሁት ኔትወርክ አያገኝም። አንቴናውን በኬብል ወደ ውጭ አውጡ። የኔትወርኩን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 በሚሆን ቁጥር ሞጁሉ ራሱ ይናገራል፤ እኛ ጋ በሩ ሲዘጋ 6 የነበረው አንቴናው ወጥቶ ከፍ ብሎ ሲታሰር 19 ሆነ። ከ10 በታች ዳታው ይቆራረጣል። መብራት ሲጠፋ መሣሪያውም አብሮ እንዳይጠፋ አንድ 18650 ሊትየም ባትሪ ከነመሙያው ጨመርኩ። የባትሪው ቮልቴጅ ሞጁሉ በሚፈልገው ክልል ውስጥ ስለሆነ በደንብ ይስማማሉ፤ «መብራት ጠፍቷል» የሚለው መልእክትም የሚላከው በዚህ ባትሪ ነው።

በውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታችሁ ለመላክ የምታስቡ፦ 2ጂ በብዙ አገሮች እየተዘጋ ነው። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2017 መጀመሪያ ዘግቶታል። ስለዚህ ሲም800ኤል እናንተ ጋ ላይሠራ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሊሠራ ይችላል፤ አልሠራም ብላችሁ አትጣሉት። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ 4ጂም 2ጂም የሚችለውን ኤ7670ኢ ብትመርጡ ይሻላል፤ ትእዛዞቹ በከፊል ስለሚለያዩ ፕሮግራሙን አብራችሁ አስተካክሉ። ከሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የሽቦውን ሥዕል፣ የሲም ካርዱን ቁጥርና ጥቅሉ የሚያልቅበትን ቀን በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ሳጥኑን ነገ የሚከፍተው የመቂ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እናንተን ማግኘት ላይችል ይችላል።